የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ተግባቦትና ማኅበራዊ ግንኙነት በወረርሽኝ ወቅት

መግቢያ

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ውሳኔው የብዙ ሰው ሕይወት ለመታደግ የተወሰደ አስፈላጊ እርምጃ ቢሆንም፣ በአንዳንድ ቤቶች ላይ ከሌላው ይልቅ ከብዷል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጠርበት ስፍራ ብቻ አይደለም። ቀኑን በሥርዓት የሚመራለት፣ ንግግሩን የሚረዳለት መምህር፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛ የሚያገኝበት ብቸኛው ቦታ ሊሆን ይችላል።

ይህ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቦ በር ላይ ቢቆምም የሚወስደው አልመጣም። አያቱን ሊያቅፍ ሲሮጥ «አትንካ!» ተባለ። በየመንገዱ የሚያያቸው ሰዎች ግማሽ ፊታቸው ተሸፈነ። ሌሎች ልጆች «በሽታ ስላለ ነው» ሲባሉ ይገባቸዋል። እርሱ ግን የማይታየው ነገር እንዴት እንደሚያስፈራ አይገባውም፤ የሚገባው የለመደው ሁሉ እንደራቀው ነው።

ይህ ክፍል የተዘጋጀው ለወላጆች፣ ለአያቶች፣ ለታላላቅ ወንድምና እህቶች፣ ለጎረቤቶች እንዲሁም ለመምህራን ነው። ዓላማውም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ልጁ የመከላከያ መንገዶቹን እንደ አቅሙ ተረድቶ እንዲተገብር መርዳት ነው። ሁለተኛው፣ ራሱን ከበሽታው ሲጠብቅ ከሰው እንዳይነጠል ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ልፋት ጠይቀው የተገኙ ቃላትና ልማዶች ካልተሠራባቸው ሊደበዝዙ ስለሚችሉ፣ ጉዳዩ ወረርሽኙ እስኪያልፍ የሚቆይ አይደለም።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ምንድን ነው?

የአእምሮ እድገት ውስንነት በልጅነት የሚጀምር፣ ነገሮችን ለመረዳት፣ ለመማርና የዕለት ተዕለት ሥራዎችን ለማከናወን ያለውን ችሎታ የሚገድብ ሁኔታ ነው። መጠኑ ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንዱ ቀስ ብሎም ቢሆን ማንበብና መጻፍ ይችላል፤ ሌላው ለመመገብና ለመልበስ የዕድሜ ልክ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው። ዳውን ሲንድረም በሰው ሕዋስ ውስጥ ካሉት ክሮሞዞሞች መካከል 21ኛው አንድ ተጨማሪ ሲኖረው የሚከሰት ነው። በወሊድ ጊዜ ሕፃኑ የኦክስጅን እጥረት ሲያጋጥመው፣ እናቲቱ በእርግዝና ወቅት በቂ አዮዲን ሳታገኝ ስትቀር፣ ልጁ ማጅራት ገትርን በመሰለ የአንጎል ሕመም ሲያዝ ወይም በጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስበትም ሊመጣ ይችላል። በብዙ ልጆች ደግሞ መንስኤው ተለይቶ አይታወቅም። የእርግማን ውጤት ወይም የወላጅ ኃጢአት ቅጣት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአእምሮ ሕመምም የተለየ ነው። ኦቲዝም ራሱን የቻለ ሌላ የእድገት ሁኔታ ሲሆን፣ ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር አብሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ምክሮች ለሁለቱም ያገለግላሉ።

አንድ ነገር በተለይ ሊጤን ይገባል። ብዙዎቹ ልጆች መናገር ከሚችሉት በላይ ይረዳሉ። አንድም ቃል የማይናገር ልጅ በፊቱ «ይህ ምን ያውቃል» ሲባል ሊሰማና ሊያዝን ይችላል። ስለዚህ በልጁ ፊት ስለ እርሱ ስንናገር፣ እንደሚሰማን አድርገን እንናገር።

ተግባቦት ንግግር ብቻ አይደለም

ልጅ እጅዎን ይዞ ወደ ውኃው እንስራ ሲጎትትዎ «ጠማኝ» ማለቱ ነው። ሳህኑን ሲገፋ «በቃኝ» ማለቱ ነው። ጆሮውን ደጋግሞ ሲመታ «ያመኛል» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዐይን፣ ጣት፣ ድምፅ፣ የፊት ገጽታና የሰውነት እንቅስቃሴ ሁሉ መልእክት ያስተላልፋሉ። የአሳዳጊው የመጀመሪያ ሥራ ልጁ እስካሁን በምን መንገድ እየተናገረ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ለሦስት ቀን ያህል ልጁ አንድ ነገር ሲፈልግ፣ ሲከፋውና ደስ ሲለው ምን እንደሚያደርግ በማስታወሻ ይያዙ። ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን በየዕለቱ ይለማመዱ።

ፊት ለፊት ሆነው ያናግሩ። ከመናገርዎ በፊት ስሙን ይጥሩ፤ ጎንበስ ወይም ቁጭ ብለው ዐይንዎ ከዐይኑ እኩል ይሁን። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዝጉ። ሆኖም ዐይን ማየት የሚያስጨንቀውን ልጅ «እየኝ» ብለው አያስገድዱ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ሊያዳምጥዎ ይችላል።

አጭር ዓረፍተ ነገር ይጠቀሙ። «ተነሥና እጅህን ታጥበህ ና፣ ምሳ ቀርቧል፣ ደግሞ ጫማህን አውልቅ» የሚለው ንግግር አራት መልእክት በአንድ ላይ ይዟል። «ና እጅ እንታጠብ» ብለው ይጀምሩ፤ ያ ሲያልቅ ቀጣዩን ይናገሩ። የሚናገሩትን በእጅ ምልክትም ያሳዩ።

ጠብቁት። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። መልሱን ለማዘጋጀት ጊዜ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ልጁ ሊመልስ ሲል እኛ ቀድመን ስለምንመልስለት ዝምታን ይማራል።

ምርጫ ይስጡት። «ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ሰፊ ነው። ሙዝና ብርቱካን በሁለት እጅዎ ይዘው «ሙዝ? ብርቱካን?» ቢሉት በዐይኑም ሆነ በጣቱ ይመርጣል። የመረጠውን ወዲያው ይስጡትና ስሙን ይጥሩለት፤ «ሙዝ!»

በአንድ ቃል ይቅደሙት። ልጁ በድምፅ ወይም በምልክት ብቻ የሚናገር ከሆነ እርስዎ በአንድ ቃል ይመልሱለት። «ውኃ» የሚል ከሆነ «ውኃ ስጪኝ» ብለው ያስፉለት። ቃሉን አዛብቶ ቢናገር «አይደለም፣ እንዲህ በል» ብለው ከማረም ይልቅ ትክክለኛውን አጠራር እርስዎ ደግመው ያሰሙት።

ፍላጎቱን ይከተሉ። ልጁ የጀሪካን ክዳን ማሽከርከር ከወደደ እርስዎም አንድ ክዳን ይዘው አጠገቡ ይቀመጡና ያሽከርክሩ። እንዲያያችሁ፣ ተራ እንዲጠብቅና እንዲስቅ የሚያደርገው እርሱ የመረጠው ጨዋታ ነው።

ለሞከረው ሁሉ ያመስግኑት። ምስጋናው የሠራውን ለይቶ የሚጠቅስ ይሁን፤ «ጎበዝ! ኩባያህን መለስክ።»

በሥዕል የሚነበብ ቀን

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከልጁ የጠፋው ትልቁ ነገር ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ነው። ይህን በቤት ውስጥ ለመተካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከካርቶን አምስት ወይም ስድስት ካርዶች ይቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ የቀኑን አንድ ተግባር ይሣሉ ወይም በስልክ ያነሡትን ፎቶ አሳትመው ይለጥፉ፤ ፊት መታጠብ፣ ቁርስ፣ ጨዋታ፣ የቤት ሥራ ማገዝ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ። በጠዋት ከልጁ ጋር ሆነው በግድግዳ ላይ በተራ ይደርድሩ። አንዱ ሲያልቅ ካርዱን ልጁ ራሱ አንሥቶ በሣጥን ወይም በከረጢት ውስጥ ይክተተው። ሥዕል የማይለይ ልጅ ከሆነ ዕቃው ራሱ ካርድ ይሆናል፤ ማንኪያ ለምግብ፣ ሳሙና ለመታጠብ፣ ጋቢ ለእንቅልፍ።

የሚለወጥ ነገር ሲኖር አስቀድመው ያሳዩት። «ዛሬ ገበያ አንሄድም» የሚለውን በቃል ብቻ ከመናገር የገበያውን ካርድ አንሥተው በቦታው የሚጫወትበትን ካርድ ያስቀምጡ። ልጅን የሚረብሸው ከለውጡ ይልቅ ለውጡ ሳያስበው መምጣቱ ነው።

መከላከያዎቹን ማስተማር

እጅ መታጠብ። ቫይረሱን ማሳየት አይቻልም፤ ቆሻሻን ግን ማሳየት ይቻላል። የልጁን እጅ በዘይት ቀብተው ጥቂት የበርበሬ ያልሆነ ቅመም ወይም ዱቄት ይነስንሱበት። በውኃ ብቻ ሲታጠብ እንደማይለቅ፣ በሳሙና ሲታሽ እንደሚለቅ አብራችሁ እዩ። ከዚያ ተግባሩን ወደ ትናንሽ ደረጃዎች ይከፋፍሉ፦

1. እጅን ማርጠብ
2. ሳሙና መቀባት
3. መዳፍን ከመዳፍ ማሸት
4. የእጅን ጀርባ ማሸት
5. በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣትንና ጥፍሮችን ማሸት
6. ማለቅለቅ
7. ማድረቅ

በመጀመሪያ እጅዎን በእጁ ላይ አድርገው ሁሉንም ደረጃዎች አብረው ይሥሩና የመጨረሻውን፣ ማድረቁን፣ ለእርሱ ይተዉለት። ይህን ሲችል የመጨረሻ ሁለቱን፣ ቀጥሎም ሦስቱን ይተዉለት። ከመጨረሻው የሚጀመርበት ምክንያት ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን በራሱ ጨርሶ ምስጋና እንዲያገኝ ነው። በሳሙና ማሸቱ ቢያንስ 20 ሰከንድ መሆን ስላለበት፣ ልጁ የሚወደውን አጭር መዝሙር እስኪያልቅ እያዜሙ ቢታጠቡ ጊዜው ይጠበቃል።

በባህላችን ከማዕድ በፊት እንግዳን ማስታጠብ የክብር ሥራ ነው። ይህን ሥራ ለልጁ ይስጡት። ማስታጠቢያውን ይዞ ለቤተሰቡ በተራ ውኃ ሲያፈስ ንጽሕናን ይለማመዳል፣ ተራ መጠበቅን ይማራል፣ «ተባረክ» ሲባልም በቤተሰቡ መካከል ቦታ እንዳለው ያውቃል።

ጭምብል። ድንገት አፍና አፍንጫው ላይ የሚደረግ ጨርቅ ልጁን ሊያስደነግጠው ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ጭምብሉን ይዞ ይጫወትበት። በሁለተኛው አሻንጉሊት ወይም ወንድሙ ያድርገው። ቀጥሎ ወደ ፊቱ ያስጠጋ፤ ከዚያ ለሦስት ሰከንድ፣ ለአሥር ሰከንድ፣ ለአንድ ደቂቃ እያሉ ያርዝሙ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፉት ልጁ ሲረጋጋ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ምክር መሠረት 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ጭምብል እንዲያደርጉ አይጠየቁም። የእድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ደግሞ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን፣ ጭምብል ማድረግ ግዴታ ሊሆንባቸው አይገባም፤ የእያንዳንዱ ልጅ ሁኔታ ለብቻው ይታያል። ለመተንፈስ የሚቸገር ወይም ጭምብሉን ራሱ ማውለቅ የማይችል ልጅ ጭምብል አይደረግለት። በዚህ ጊዜ ጥበቃው የሚሆነው በዙሪያው ያሉት ሰዎች ጭምብል ማድረጋቸው፣ መስኮት መክፈታቸውና ሰው የበዛበት ቦታ አለመውሰዳቸው ነው።

ጭምብል የአድራጊውን ከንፈርና ፈገግታ ስለሚሸፍን፣ የሰውን ፊት እያየ ለሚረዳ ልጅ ንግግር መከተል ይከብደዋል። ስለዚህ ጭምብል አድርገው ሲያናግሩት ቀስ ብለውና ድምፅዎን አጥርተው ይናገሩ፤ የእጅ ምልክት ይጨምሩ። አስቀድሞም በርቀት ቆመው ጭምብሉን ለአፍታ ዝቅ አድርገው ማን እንደሆኑ ያሳዩት።

ርቀትና ሰላምታ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቅ» የሚለው ለብዙዎቹ ልጆች ረቂቅ ነው። በመሬት ላይ በኖራ መሥመር ያስምሩ ወይም ሁለት ሰሌን ራቅ አድርገው ያንጥፉ፤ «አንተ እዚህ፣ አያትህ እዚያ።» መጨባበጥንና መሳሳምን መከልከል ብቻውን በቂ አይደለም፤ በምትኩ የሚያደርገው ነገር ይፈልጋል። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ቀድሞም የምናውቀው የአክብሮት ሰላምታ ነው። መላው ቤተሰብ በዚህ ሰላምታ ይስማማ፤ አንዱ እያቀፈው ሌላው ቢከለክለው ልጁ ግራ ይጋባል። ከልጁ ጋር በአንድ ቤት የምትኖሩ፣ የሕመም ምልክት የሌለባችሁ ግን ማቀፋችሁን አትተዉ። ልጁ በወረርሽኝ ወቅት ከምንጊዜውም በላይ እቅፍ ያስፈልገዋል።

በቤት ውስጥ መጫወትና መሥራት

ለልጁ የሚሆን ልዩ ትምህርት ከቤት ሥራ የተለየ መሆን የለበትም። ሽንኩርት ከድንች መለየት፣ ጥራጥሬ መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ፣ ሲኒ በረከቦት ላይ መደርደር ቀለም፣ ቁጥርና ቅርጽ ያስተምራሉ። በቡና ሰዓት ሁሉም በሚሰባሰብበት ጊዜ ልጁ ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ለየራሱ በተዘጋጀ ሳህን ለእያንዳንዱ ሰው ያድርስ፤ ሰጪው ስሙን ጠርቶ ያመስግነው። አንድ ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ከሰው ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

ድብብቆሽ፣ ኳስ መለዋወጥና ጠጠር እየቆጠሩ መጫወት ተራ መጠበቅን ያለማምዳሉ። ታላላቅ ልጆችን በጨዋታው አስገቧቸው፤ ነገር ግን «ወንድምህን ጠብቅ» የሚለው ሸክም ሁሉ በአንዲት እህት ወይም በአንድ ወንድም ላይ እንዳይወድቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነርሱም ልጆች ናቸው፤ ለእነርሱ ብቻ የሚሰጥ ጊዜ ይኑር።

ከዘመድና ከጓደኛ ጋር እንዳይቆራረጥ

ስልክ ለብዙ ቤተሰብ የቀረበ መሣሪያ ነው። የስልክ ጥሪን ግን ልጁ የድምፁን ባለቤት ስለማያይ ላይረዳው ይችላል። የአክስቱን ፎቶ ይዞ ድምፅዋን ይስማ። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይደወልለት፤ ጥሪው ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ ባይበልጥም ይበቃል። የሚናገረው ቃል ከሌለው የሚያሳየው ነገር ያዘጋጁለት፤ የሣለውን ሥዕል፣ አዲሱን ጫማውን። የቪዲዮ ጥሪ ለማይቻልበት ቤት በድምፅ የተቀረጸ አጭር መልእክት መላላክ ይቻላል።

ጎረቤት የሆነ አንድ የተመረጠ ጓደኛ በግቢ ውስጥ፣ በአየር ላይ፣ ርቀት ጠብቆ ከልጁ ጋር ቢጫወት ከብዙ ልጆች ጋር ከመገናኘት ይሻላል። የልጁ መምህርም በሳምንት አንድ ጊዜ ደውሎ ስሙን ቢጠራው፣ ትምህርት ቤቱ እንዳልረሳው ያውቃል።

በዓል ሲመጣ የዘመድ አለመሰብሰብ ልጁን ያስከፋዋል። ከእንግዳው በቀር ሌላው ሥርዓት ሁሉ እንዳለ ይቆይለት፤ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ አዲስ ልብሱን ይልበስ፣ የሚወደው ምግብ ይሠራ።

ስለ ሞትና ስለ ሕመም

ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት «ሩቅ አገር ሄዷል» ብሎ መሸፈን የተለመደ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ይህን እንደ ቃሉ ስለሚወስደው በየዕለቱ በር ላይ ሊጠብቅ ይችላል። «አያትህ በጣም ታመሙ። ሞቱ። ተመልሰው አይመጡም። እኛም አዝነናል» የሚለው ጨካኝ ቢመስልም የሚያሳርፍ እውነት ነው። ደጋግሞ ቢጠይቅ ሳይሰለቹ በዚያው ቃል ይመልሱለት። በፎቶና በመታሰቢያ ሥርዓት ላይ ተሳታፊ ያድርጉት፤ እርሱም ልቅሶ አለው።

ጠባዩ ሲለወጥ

መጮኽ፣ መምታት፣ ራስን መንከስ ወይም ከቤት መሮጥ ቢበዛ፣ ከቁጣ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ። ከመጀመሩ በፊት ምን ሆነ? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያ በኋላ ምን አገኘ? አንድ ልጅ በየቀኑ በአሥር ሰዓት የሚጮኸው ቀድሞ የትምህርት ቤቱ መኪና የሚመልሰው በዚያ ሰዓት ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ሌላው የሚማታው ቤት ውስጥ ድምፅ ሲበዛ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ይገኛል፤ በአሥር ሰዓት አብሮ በግቢ መዞር፣ ጸጥ ያለች ጥግ ማዘጋጀት፣ «በቃኝ» የሚል ምልክት ማስተማር። ማሰርና መግረፍ ልጁን የሚያስተምረው ፍርሃትን ብቻ ነው። ልጅን በቤት ማሰር የሰብአዊ መብት ጥሰትም ነው።

ልጁ ሲታመም

«እዚህ ጋ ያመኛል» ማለት የማይችል ልጅ ሕመሙን በጠባዩ ይናገራል። ከትኩሳት፣ ከሳልና ከድካም በተጨማሪ ምግብ እምቢ ማለት፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ልቅሶ ወይም ዝምታ የሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሙቀቱንና አተነፋፈሱን ይመልከቱ። ልጁ ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ለመንቃት ከከበደው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ለመረጃና ለጥቆማ በ8335 ወይም በ952 ነፃ የስልክ መሥመር ይደውሉ።

የሚጥል ሕመም ያለባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። መድኃኒታቸው በወረርሽኙ ምክንያት ፈጽሞ መቋረጥ የለበትም፤ ድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ከማለቁ በፊት ከጤና ተቋሙ ጋር ተነጋግረው ይውሰዱ። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ጎን ለጎን መድኃኒቱን ይቀጥሉ። የክትባት ቀጠሮም አይለፍ።

ልጁ ሕክምና ቢያስፈልገው የማያውቀው ሰው እጅ ውስጥ ይገባልና፣ ከወዲሁ በአንድ ገጽ ወረቀት የሚከተለውን ጽፈው ያስቀምጡ፦

ስሜ። የምጠራበት የቤት ስም።
የምናገረው እንዲህ ነው፤ (በቃል፣ በምልክት፣ በሥዕል)።
ሲያመኝ እንዲህ አደርጋለሁ።
የሚያስፈራኝ፤ የሚያረጋጋኝ።
የምበላውና የምጠጣው፤ የማይስማማኝ።
የምወስደው መድኃኒት፣ መጠኑና ሰዓቱ።
የአሳዳጊዬ ስምና ስልክ።

በለይቶ ማከሚያ የምትሠሩ ባለሙያዎች ይህን ወረቀት ጠይቁ። ተገቢው የመከላከያ አልባሳት እየተሟላ አንድ የሚያውቀው አሳዳጊ ከልጁ ጋር እንዲቆይ በተቻለ መጠን ፍቀዱ። መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት የምታደርጉትን አሳዩት፤ ለእናቱ ብቻ ሳይሆን ለእርሱም ንገሩት። አሳዳጊው ራሱ ቢታመም ደግሞ ልጁን ማን እንደሚረከበው ዛሬውኑ ይወሰን፤ ያ ሰው ከወዲሁ የልጁን ምልክቶች ይማር።

ከጥቃት መጠበቅ

ቤት የመዋል ጊዜ ሲረዝም ልጆች ለጥቃት የሚጋለጡበት ዕድል ይጨምራል። መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። የሰውነት ክፍሎቹን ትክክለኛ ስም ያስተምሩት፤ በልብስ የሚሸፈነውን አካሉን ማንም እንዳይነካ፣ ቢነኩት «እምቢ» ብሎ ወይም ሮጦ ወደሚያምነው ሰው እንዲመጣ በአሻንጉሊት ያሳዩት። የተለየ ፍርሃት፣ ቁስለት ወይም ከአንድ ሰው መሸሽ ከታየ ችላ አይበሉ፤ ለጤና ተቋምና ለፖሊስ ያሳውቁ።

ለአሳዳጊው

ልጁን የሚንከባከበው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ እናት፣ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይደክማል። ድካሙ ስንፍና አይደለም፤ ማማረሩም ፍቅር ማጣት አይደለም። በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሌላ የቤተሰብ አባል ይተካ። እንቅልፍ ካጡ፣ ተስፋ መቁረጥ ከበዛብዎ ወይም ልጁን ልጎዳው እችላለሁ የሚል ስጋት ካደረብዎ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለጤና ጣቢያ ይንገሩ። የእድገት መዘግየት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና 9 የቡድን ውይይትና 3 የቤት ጉብኝት ያለው የክህሎት ሥልጠና በሀገራችንም ተሞክሯል። የእርሱም መሠረት እዚህ የተነገረው ነው፤ ትናንሽ ደረጃዎች፣ የጋራ ጨዋታና የአሳዳጊው ደኅንነት።

ጎረቤቶችና የዕድር አባላትም ድርሻ አላችሁ። ልጁ ሲጮኽ ፊት ከማዞር «ምን ላግዝ?» ማለት፣ ለእናቲቱ ከገበያ ዕቃ ማምጣት፣ ልጁን በስሙ ጠርቶ ከአጥር ወዲያ ሰላም ማለት ወጪ የለውም። ልጅን ከሰው ዐይን ደብቆ ማሳደግ የሚጀምረው ከሰው አፍ ፍርሃት ነው፤ መፍትሔውም ከሰው ይመጣል።

ወደ ትምህርት ሲመለሱ

ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ተከፍተዋል። ሰባት ወር ቤት የቆየ ልጅ በአንድ ጠዋት ወደ ክፍል መመለስ ሊከብደው ይችላል። ከአንድ ሳምንት በፊት መንገዱን አብራችሁ ሂዱ፤ በሩን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ መቀመጫውን ይይ። ከተቻለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአጭር ሰዓት ይማር። በቤት የለመደውን የሥዕል ሰሌዳና «ስለ እኔ» ወረቀት ለመምህሩ ይስጡ። መምህራን ደግሞ የረሳውን ከመቁጠር በፊት የያዘውን ያግኙ። «የወረርሽኙ ጊዜ ነውና እርሱ ይቆይ» ብሎ ይህን ልጅ ለመጨረሻ ማስቀረት ተገቢ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ በአደጋ ጊዜም የአካል ጉዳተኞች ጥበቃና ደኅንነት እንዲረጋገጥ ያዝዛል።

ማጠቃለያ

ዛሬ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመጀመር የሚችል ቤተሰብ ካለ፣ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ስልክ አስቀምጦ፣ ቴሌቪዥን ዘግቶ፣ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ አብሮ ይጫወት። በሚቀጥለው ሳምንት የእጅ መታጠብን የመጨረሻ ደረጃ ይጨምር፤ በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ይለጥፍ። ወረርሽኙን የምንከላከለው ከሰው አካል በመራቅ እንጂ ከሰው በመራቅ አይደለም። ይህ ለሁላችንም እውነት ቢሆንም፣ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ የእኛን እገዛ የሚሻ ልጅ በየቤቱ አለና እናስበው።